ትንሽ ቆልማማ ቢላ ቤት ውስጥ እንዴት ይሳላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዓል ሲደርስ ይህ ጥያቄ ይበዛል። ዶሮው ታርዶ፣ ሽንኩርቱ ተልጦ፣ እንግዳ ሊመጣ ትንሽ ሰዓት ሲቀረው ነው ቢላው እንደዶለዶመ ትዝ የሚለን። ትልቁን ቢላ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የሚስሉት ሰዎች አሉለት። ትንሹ ቆልማማ ቢላ ግን ጠያቂ የለውም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በደንብ አያርፍም፣ መንኮራኩር ላይ ቅርጹ ይበላሻል፣ ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ተወርውሮ ይቀራል። ይህ ያናድደኛል፤ ድንች ለመላጥ፣ የዶሮ መገጣጠሚያ ለመፍታት፣ የስጋ ጅማት ለማውጣት እሱን የሚተካ ዕቃ የለምና። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ቆልማማ የምትለው የትኛውን ነው?

ሁለት ዓይነት ነው፤ አሳሳላቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው ስለቱ ወደ ውጭ የጎበጠ፣ ሆድ ያወጣ ነው። ብዙ ሴንጢዎችና ቆዳ መግፈፊያ ቢላዎች እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ስለቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ የማጭድ ታናሽ የሚመስለው ነው። ድንችና ካሮት መላጫ ተብሎ የሚሸጠው ጫፈ ሹል ትንሽ ቢላ ከዚህ ወገን ነው።

ግራ ከገባችሁ ስለቱን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አቁሙት። መሃሉ ነክቶ ጫፉ ከተነሣ የመጀመሪያው ነው። ጫፉና እጀታው ሥር ያለው ክፍል ነክተው መሃሉ ላይ ክፍተት ከታየ ሁለተኛው ነው። ይህን ሳትለዩ ድንጋይ አታንሡ።

በእርግጥ መዶልዶሙን በምን አውቃለሁ?

መስኮት አጠገብ ቁሙ። ስለቱን ወደ ላይ አዙሩትና ብርሃን እንዲያርፍበት ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ስል ጠርዝ ብርሃን የሚመልስበት ስፋት ስለሌለው አይታይም። የዶለዶመው ቦታ ግን ነጭ መስመር ሆኖ ያበራል፤ የተሸረፈበት ደግሞ ነጥብ ነጥብ እያለ ያብለጨልጫል። ቆልማማ ቢላ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያበራው መሃሉ ወይም ወደ ጫፉ የሚጠጋው ክፍል ነው፤ ሥራው የሚበዛው እዚያ ነዋ።

ከዚያ ቲማቲም ሞክሩ። ሳትጫኑት ልጣጩን ካልያዘ ዶልድሟል። ሽንኩርትም ይናገራል። ደነዝ ቢላ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ሽንኩርት ደግሞ ዓይን የሚያቃጥለውን ነገር አብዝቶ ይለቃል። ለዶሮ ወጥ ያን ሁሉ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያውቀዋል።

ጣታችሁን ግን ስለቱን ተከትላችሁ ከሥር ወደ ጫፍ በፍጹም አታሳልፉ።

ምን ምን ልግዛ?

ብዙ አይደለም። ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ አንድ፤ አንዱ ገጽ ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ። መርካቶ የእጅ መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ። ቁጥሩ የተጻፈበትን ምረጡ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ እየለሰለሰ ይሄዳል። ለቤት 400 እና 1000 ይበቃል። 3000 እና 6000 ማለስለሻ ናቸው፤ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም ዶሮው ይበለታል።

ወደ ውስጥ ለታጠፈው ቢላ ግን ዋናው ዕቃ ድንጋይ አይደለም፣ የብርጭቆ ወረቀት ነው። አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ሳይሆን በውሃ የሚሠራውን ጥቁሩን ግዙ፤ የመኪና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። ቁጥር 400፣ 800 እና 2000 አንዳንድ ሉክ ብትይዙ ለረጅም ጊዜ ይሆናችኋል። የምትጠቀልሉበት ክብ ዘንግም ያስፈልጋል፤ የተሰበረ መጥረጊያ እጀታ፣ ለጠባቡ ጉብጠት ደግሞ እርሳስ ወይም እስክሪብቶ። ማርከር አንድ። አሮጌ የቆዳ ቀበቶ። አለቀ።

ድንጋይም ምንም የለኝም። በሲኒ ቂጥ ይሳላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሲኒውን ገልብጡትና ቂጡ ላይ ያለውን ቀለበት በጣታችሁ ዳስሱት። ሌላው ገላው ያንሸራትታል፣ ቀለበቱ ግን ይሻክራል፤ የሚያብረቀርቀው ቅብ እዚያ ጋ ስለሌለ ነው። ያ ቅብ የሌለው ሸክላ ከቢላው ብረት ይጠነክራል፣ ስለዚህ እንደ ለስላሳ ድንጋይ ያገለግላል። ሲኒው እንዳይሸሽ እርጥብ ፎጣ ላይ ድፉት፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበትና ስለቱን በቀስታ ሳብ ሳብ አድርጉት። ቀለበቱ ላይ ግራጫ ጭረት ከቀረ ብረቱን እየበላው ነው። ቀለበቱ ጠባብና ክብ ስለሆነ ወደ ውስጥ ለታጠፈው ስለት እንኳ ይገባል፤ ለዚህ ነው የምወደው።

ወሰን ግን አለው። ትንሽ የደከመ ስለት ይመልሳል እንጂ የተሸረፈ አያድንም። ቂጡ ጭምር የተቀባ ሲኒም አለ፣ እሱ አይሆንም። የእንግዳ ሲኒ አትንኩ፤ አፉ ተሸርፎ ከረከቦት የወረደ ሲኒ ከማንም ቤት አይጠፋም።

ደጃፍ ላይ ያለው ድንጋይስ? ሲሚንቶው? ኮብልስቶን?

እናቶቻችን ግቢ ውስጥ ባለ ድንጋይ ካራ ሲስሉ አይተን ነው ያደግነው፤ ለካራ ይሠራል። ለትንሹ ቢላ አልመክርም። የድንጋዩ ቅንጣት እኩል አይደለም፣ አንዱ ይፈጫል ሌላው ይቧጭራል፣ ቀጭኑን ስለት ጥርስ ጥርስ ያስወጣዋል።

ሁለት ቢላ እርስ በርስ ባፋጭስ?

ተዉት። ሁለቱም ይጎዳሉ፣ እጃችሁም አብሮ።

ውሃ ልጠቀም ወይስ ዘይት?

ውሃ ይሻላል፤ ለማጽዳትም ለኪስም። ውሃ በጠፋበት ቀን እንኳ አንድ ኩባያ ይበቃል፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል አድርጉበት። አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ውሃ አልቀበልም ስለሚል አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ። ዘይት ከመረጣችሁ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይጣበቅና የድንጋዩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። እየሳላችሁ የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ቶሎ ቶሎ አትጠቡት፣ እሱም ይስላል።

ቢላውን ምን ያህል ላዘንብለው?

ለወጥ ቤት ቢላ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ። ካርቶንና ገመድ ለሚቆረጥበት ሴንጢ እስከ 25 ቢደርስ ይበረታል። መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። የወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው፤ ለሁለት ስታጥፉት 45፣ እንደገና ስታጥፉት 22 ተኩል ይሆናል። ከእሱ ትንሽ ዝቅ በሉ። በሌላ መንገድ ደግሞ፣ የቢላው ወርድ 2 ሳንቲሜትር ከሆነ ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊሜትር ያህል ሲነሣ 20 ዲግሪ ነው፣ 5 ሚሊሜትር ሲነሣ 15።

ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል። ማርከሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ስለቱን በሁለቱም ጎን ቀለም ቀቡት፣ ሁለት ሦስቴ ድንጋዩ ላይ ሳብ አድርጉትና እዩት። ቀለሙ እስከ ጠርዙ ድረስ ከጠፋ ልክ ናችሁ። ወደ ጀርባው በኩል ብቻ ጠፍቶ ጠርዙ ላይ ከቀረ በጣም አስተኝታችሁታል፣ ከፍ አድርጉት። ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ብቻ ከጠፋ ደግሞ በጣም አቁማችሁታል። ቆልማማ ቢላ ላይ ይህ ቀለም ወርቅ ነው፤ መሃሉ ተነክቶ ጫፉ እንደተዘለለ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

እሺ፣ ወደ ውጭ የጎበጠውን እንዴት ልሳለው?

አንድ ነገር ያዙ፦ ጎባጣ ስለት በአንድ ጊዜ ድንጋዩን የሚነካው በትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ ከጎተታችሁት ሥሩ በደንብ ይሳላል፣ ጫፉ ግን ከድንጋዩ ተነሥቶ በአየር ላይ ያልፋል። ስለዚህ ጉብጠቱ ሲጀምር እጀታውን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ብዙ አይደለም፣ ክርናችሁ ከጎናችሁ ትንሽ እስኪለቅ ነው። ያን ጊዜ ሆዱም ጫፉም በየተራ ድንጋዩን ይነካል፣ ማዕዘኑም ሳይለወጥ ይቀጥላል።

ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ድምፁ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ከሆነ ስለቱ ድንጋዩን አልለቀቀም። መሃል ላይ ከቀጠነ ወይም ከተቆረጠ ለቆታል።

ለጀመረ ሰው በአንድ ጉዞ ሁሉንም መሳል ይከብዳል። ስለቱን በሐሳብ ለሦስት ክፈሉት፦ ሥሩ፣ ሆዱ፣ ጫፉ። መጀመሪያ ሥሩን ለብቻው፣ ከዚያ ሆዱን፣ ከዚያ ጫፉን በአጭር በአጭሩ ሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ሦስቱን በአንድ ረጅም ጉዞ አገናኙ። አትጫኑ። የእጃችሁ ክብደት ይበቃል፣ ለስላሳው ድንጋይ ላይ ደግሞ እሱም ይበዛል።

ወደ ውስጥ የታጠፈውንስ? ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው።

ጠፍጣፋውን ድንጋይ እርሱት። ጠፍጣፋ ነገር የሚነካው ጫፉንና ሥሩን ነው፤ መሃሉን ለመድረስ የምትታገሉ ከሆነ ጉብጠቱን ፈግፍጋችሁ ቀጥ ያለ ቢላ ልታደርጉት ነው።

ክብ ዘንግ ውሰዱ፣ ግን ከቢላው ጉብጠት የጠበበ መሆን አለበት። ስለቱን ዘንጉ ላይ አስጠጉና ወደ ብርሃን አንሡት፤ መሃሉ ላይ ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ዘንጉ ወፍራም ነው፣ ወደ እስክሪብቶው ውረዱ። የብርጭቆ ወረቀቱን አንድ ዙር ብቻ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። ደረብ ደረብ ካደረጋችሁት ይለሰልስና ስለቱ ላይ ይታጠፋል፣ ጠርዙንም ያዶለድማል። ዳርና ዳሩን በፕላስተር እሰሩ፣ በውሃ አርጥቡት።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዘንጉን አስሮ ቢላውን መጎተት ነው፤ ጀርባው ቀድሞ፣ ስለቱ ከኋላ እየተከተለ። ስለቱን አስቀድማችሁ ከገፋችሁ ወረቀቱን ይቀደዋል። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ ቢላውን ጠረጴዛ ላይ በአንድ እጅ አጥብቆ ይዞ ዘንጉን ማንቀሳቀስ ነው። ቢላው ስለማይንቀሳቀስ ማዕዘኑ ከዓይናችሁ አይጠፋም። ዘንጉ ከጀርባው በኩል ተነሥቶ በስለቱ ላይ አልፎ ይውጣ፣ ሲመለስ አይንካ። እያለፈ ሳለ ትንሽ ወደ ጎንም ይንሸራተት፣ አለበለዚያ አንድ ቦታ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ ከስለቱ ተንሸራታችሁ አትውረዱ፣ እዚያው ቁሙ። በየጉዞው ከወረዳችሁ ሹሉ ጫፍ ይደበልላል፣ ያ ጫፍ ደግሞ ከድንች ውስጥ ዓይኑን የሚያወጣላችሁ እሱ ነው።

በ400 ጀምሩ፣ በ800 ቀጥሉ፣ በ2000 ጨርሱ። ከመጀመራችሁ በፊት ቢላው በሁለቱም ጎን የተሳለ መሆኑን እዩ። የእንጨት መቅረጫ ቆልማማ ቢላዎች ብዙዎቹ በአንድ ጎን ብቻ የተሳሉ ናቸው፤ ያን ጎን ብቻ ሳሉ፣ ሌላውን እንደነበረ ተዉት።

አንዱን ጎን ጨርሼ መቼ ልገልብጠው?

ጠርዙ ሲታጠፍ። አንዱን ጎን ስትስሉ ብረቱ ጠርዙ ላይ በጣም ይቀጥንና ወደ ሌላኛው ጎን ይታጠፋል። ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያገኘዋል። ካልሳላችሁት ጎን በአውራ ጣታችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ አሻግራችሁ ወደ ውጭ በቀስታ አብሱት፤ መጨረሻው ላይ የሚሻክርና የሚይዝ ነገር አለ። ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ካገኛችሁት ያ ጎን አልቋል፣ ገልብጡ። አንድ ቦታ ከጠፋ እዚያ ጋ ስለቱ ገና አልተደረሰበትም ማለት ነው፣ ተመለሱበት።

ቤት ውስጥ ስሎ "አልሆነልኝም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ቸኩሎ ነው። እጥፋቱ ሳይወጣ ወደ ለስላሳው ድንጋይ ይሄዳል፣ ከዚያ ቢላው ያብረቀርቃል ግን አይቆርጥም።

እጥፋቱ በሁለቱም ጎን ከወጣ በኋላ መነሣት አለበት። ለስላሳው ላይ በጣም ቀለል አድርጋችሁ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያፈራረቃችሁ ሳቡት። ቀጥሎ ቀበቶው። የቆዳውን ሻካራ ጎን ወደ ላይ አድርጉና ጀርባውን አስቀድማችሁ ጎትቱት። ወደ ውስጥ ለታጠፈው ቀበቶውን ዘንጉ ላይ ጠቅልሉት። ቀበቶ ከሌለ አሮጌ ጂንስ ወይም ጋዜጣም ያስኬዳል።

ሥጋ ቤት ቆራጮች ባለ እጀታ ሞረድ ላይ ሳብ ሳብ ሲያደርጉ እየሳሉ ነው?

በአብዛኛው እያቃኑ ነው። ስለት በሥራ ብዛት ወደ ጎን ይተኛል፣ ሞረዱ መልሶ ያቆመዋል። ለዚያ ነው ቁርጥ እየቆረጡ መሃል ላይ ደጋግመው ወደ ሞረዱ የሚመለሱት። ክብ ስለሆነ ለቆልማማ ቢላም ይመቻል። ሙሉ በሙሉ የደነዘ ስለት ግን በሱ አይነሣም።

ቢላ የሚስለው ሰውዬ በበራችን ሲያልፍ ልስጠው?

ትልቁን ቢላ ያለ ሐሳብ ስጡት። በእግር የሚዞረው መንኮራኩር ዝግ ስለሚል ብረቱን ብዙ አያግለውም፣ ሥራውንም አሳምረው የሚያውቁ አሉ። ቆልማማውን ከሰጣችሁ ግን አጠገቡ ቁሙና "ወንድሜ፣ ቅርጹን እንዳትለውጥብኝ፣ ጫፉን እንዳትበላው" በሉት። ቅር አይለውም። ወደ ውስጥ የታጠፈውን ግን ሰፊ መንኮራኩር አይገባበትም፣ ቤት ይሁን።

የምፈራው የኤሌክትሪክ ግራይንደሩን ነው። ብረት ቤት ወስዶ "አንዴ አሳልፍልኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ቀጭን ስለት በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ቀለሙን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ሲብስ ሰማያዊ ይሆናል። ተራ ብረት ላይ ሰማያዊ ማለት ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል ማለት ነው፤ ጠርዙ ጥንካሬውን አጥቷል። ያ ክፍል ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ ቢላው ስለት ቢያወጣም አይዝም፣ በማግስቱ ይዶለድማል።

ያ እየጎተቱ የሚስሉበት የፕላስቲክ ዕቃስ?

ቀጥ ላለ ርካሽ ቢላ ለጊዜው ያገለግላል። ብረት ግን አብዝቶ ይበላል፣ ለቆልማማውም አይመችም።

በየስንት ጊዜ ልሳለው?

ቀበቶው ላይ በየሳምንቱ፣ ድንጋዩ ወይም ወረቀቱ ላይ በየሁለት ሦስት ወሩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ድንች፣ ካሮትና ጎመን የሚበዛበት ቤት ቢላው ቶሎ ይደክማል፤ ፋሲካ ዋዜማ ድረስ አትጠብቁ፣ ለዶሮው ሌላ ቢላ አታገኙም።

ስዬው ቶሎ የሚደነዘው ለምንድነው?

ምን ላይ እንደምትቆርጡ ልጠይቃችሁ። ሳህን፣ ብርጭቆና እብነ በረድ ስለት ይገድላሉ። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መክተፊያ ይሁን። የከተፋችሁትን ሽንኩርት በስለቱ አትጥረጉ፣ በጀርባው ጥረጉ። ዶሮ ስትበልቱ አጥንቱን በትንሹ ቢላ ለመስበር አትሞክሩ፤ መገጣጠሚያውን ፈልጋችሁ ጅማቱን ፍቱ፣ 12ቱም ብልት ያለ ጉልበት ይወጣል። ሹካና ማንኪያ መሃል አትወርውሩት፣ ከካርቶን አፎት ሥሩለት። ቀጥቃጭ የሠራው ቢላ ከሆነ ደግሞ ሎሚና ቲማቲም ከነካ በኋላ ወዲያው አጥባችሁ አድርቁት፣ ስስ ዘይት ቀቡት፤ ይዝጋል። በምላሹ ግን ለመሳል ከስቴንለሱ ይቀላል።

ጣቴን ቢቆርጠኝስ?

በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ እየገለጣችሁ ሳታዩ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቡና አትነስንሱበት፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ለሐኪሙም ማጽዳቱን ያከብድበታል። ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘና አልታጠፍ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም እዚያው ጠይቁ። ከሳላችሁ በኋላ ቢላውንም ጠረጴዛውንም በሳሙና እጠቡ፣ የብረት ብናኝ ምግብ ውስጥ እንዳይገባ።

ዘመድ ቤት ይዤው ስሄድስ?

ካርቶን አልብሱት፣ በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ በፕላስተር እሰሩት፣ ቦርሳ ግርጌ አድርጉት እንጂ ኪስ ውስጥ አይሁን። በር ላይ ፍተሻ ካለ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በበዓል ቀን ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ቦታ የምታልፉ ከሆነ ቤት ትታችሁት ሂዱ።